ለነቀምቴ የወጣ ነፊር

ሀዲል ስቱዲዮዋ እንደሚዘጋ የሰማችው አፏን ማንጎ ሞልታ ነው። የሐሙስ ጠዋት የቪዲዮ ስብሰባ ነበር፤ በየሳምንቱ ያው ስለሆነ ልቡን አዘጋጅቶ የቀረበ ሰው አልነበረም። ጣሀ ከግቢያቸው ዛፍ የወረደ ማንጎ ቆራርጦ በሳህን አምጥቷል፤ ነዕማ ከሀዲል ጀርባ ቆማ ሻሿን ታስተካክላለች፤ ገመቺስ እንደ ልማዱ ወንበሩን በሁለት እግሩ አቁሞ ይወዛወዛል። የአሳታሚው ድርጅት የሥራ ኃላፊ ወይዘሮ ብሪቱ ከአዲስ አበባ፣ ከስክሪኑ ወዲያ፣ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ።

"አሶሳን በተመለከተ የምነግራችሁ ከባድ ነገር ነው" አሉ። "ዘንቢል የሽመል ስቱዲዮን ሥራ በዚህ ወር መጨረሻ ያቆማል። የእናንተ ድርሻ ወደ ነቀምቴ ይዛወራል።"

ሀዲል ማንጎውን መዋጥም መትፋትም አቃታት። በክፍሉ ውስጥ የተሰማው የገመቺስ ወንበር ወደ አራት እግሩ ሲመለስ ያሰማው ኳኳታ ብቻ ነበር። ነዕማ እጇ ሻሿ ላይ እንዳለ ደርቃለች፤ ጣሀ ደግሞ፣ ምስኪን፣ የቀረውን ማንጎ ለማን እንደሚያድል የጠፋበት ይመስል ሳህኑን እንደያዘ አንዱን ካንዱ ያያል።

ዘንቢል ጌም አሳታሚ ነው። አሳታሚ ማለት ራሱ የማይሠራ፣ የሚያሠራ ማለት ነው። ገንዘቡን ከውጭ ሸሪኮቹ ያመጣል፤ ሥራውን ቆራርሶ በየከተማው ለዘረጋቸው ስቱዲዮዎች ያድላል፤ ሲያልቅ ሰብስቦ ይገጣጥምና የራሱን ስም ለጥፎ ለዓለም ይሸጣል። ስሙን ያወጣለት ሰው ነገር ያውቃል፤ ድንቹም ቲማቲሙም ሳይተዋወቁ አብረው የሚጫኑበት ዕቃ ዘንቢል ካልተባለ ምን ሊባል ነው? አሁን የያዙት ጌም በቅሎውን ጭኖ ወደ ሱዳን ስለሚወርድ ነጋዴ ነው። ሐዋሳ ድምፁን ይሠራል፤ ነቀምቴ የገበያውን ከተማና ሰዎቹን፤ አሶሳ ወንዙን፣ ጫካውንና አውሬዎቹን። ሸሪኮቹ ጌሙ ሳይወጣ ሾልኮ እንዳይታይ ስለሚፈሩ አንዱ ስቱዲዮ የሌላውን ሥራ አያይም። እያንዳንዱ በገዛ ፓስወርዱ ገብቶ የራሱን ጥግ ብቻ ይሠራል፤ ማን ምን ያህል እንደሠራም ማሽኑ ራሱ እየቆጠረ ለአዲስ አበባ ያቀርባል።

ወይዘሮ ብሪቱ የማሽኑን ቆጠራ ስክሪኑ ላይ ዘረጉት። የነቀምቴ መስመር ከክረምቱ ጀምሮ ሽቅብ ይወጣል፤ የአሶሳ መስመር ቁልቁል ይወርዳል። "አዝናለሁ" አሉ፤ ከልባቸው ያዘኑም ይመስሉ ነበር። "ሸሪኮቹ አንድ ስቱዲዮ እንድንቀንስ ጠይቀዋል። የትኛው እንደሚቀነስ ደግሞ ይኸው ይታያል፣ እኔ ምን ልከራከር?"

ያ ሽቅብ የወጣ መስመር የማን ላብ እንደሆነ ግን ሀዲል ታውቃለች።

ክረምቱ እንደገባ ነቀምቴ ላይ ኢንተርኔት ጠፋ። ዛሬ ይመጣል፣ ነገ ይመጣል ሲባል ሳምንታት አለፉ። የነቀምቴው ስቱዲዮ ኃላፊ ዋቅሹማ፣ ስልኩ ይሠራ ስለነበር፣ ለሀዲል ደወለላት። ሁለቱ ሥልጠና ላይ ተዋውቀው በዚያው እንደ እህትና ወንድም ሆነው የቀሩ ናቸው። "እህቴ፣ ልጆቼ ሊበተኑብኝ ነው" አላት። "ዘንቢሎችን ኢንተርኔት የለም ብላቸው፣ እንግዲያው ሥራውን ኢንተርኔት ወዳለበት ከተማ እንወስደዋለን ነው መልሳቸው።"

በእነ ሀዲል አገር፣ በሆሞሻ በኩል፣ አረም ማሳውን የዋጠበት ሰው ነፊር ይጠራል፤ ሌላው ደቦ የሚለው ነው። መንደርተኛው መቆፈሪያውን ይዞ ይወጣል፣ ያርማል፣ የቀረበለትን ቀምሶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሀዲል ልጆቿን ሰብስባ "ለነቀምቴ ነፊር እንወጣለን" ስትላቸው ነዕማ ሳቀች እንጂ እምቢ ያለ አልነበረም። ዋቅሹማ ፓስወርዱን በስልክ ነገራት። ከዚያ ወዲያ የአሶሳ ልጆች የራሳቸውን ጫካ ዳዋ እያስበሉ የነቀምቴን ገበያ ሲሠሩ ከረሙ። የነቀምቴ ልጆች ሰዎቹን በወረቀት ይስሉና በስልክ "ይሄኛው አፍንጫው ጎራዳ ነው፣ ኮፍያውን ወደ ግራ አዘንብሎታል" እያሉ ያስረዳሉ፤ ነዕማ እየሰማች በኮምፒዩተር ትሠራዋለች፤ ጣሀ ያራምደዋል። ደስ የሚል ክረምት ነበር። አንዳንዴ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርገው ሁለቱም ከተማ አብሮ ይዘፍን ነበር።

የሰው ማሳ ገብቶ የሚያርም ሰው ስምህ ማነው ተብሎ አይጠየቅም። ማሽን ግን በማን ፓስወርድ እንደተገባ ብቻ ነው የሚያውቀው፤ የክረምቱን ሥራ በሙሉ ለነቀምቴ ቆጠረው። የሚገርመው፣ ቀኑን ሙሉ ከማሽን ጋር የሚውሉት እነዚያ ሁሉ ልጆች አንዳቸውም ይህን አላሰቡትም። ነፊር ላይ ነበሩ፤ ነፊር ላይ ያለ ሰው ስለ ቆጠራ አያስብም።

"ነቀምቴዎች የምትሉት አለ?" ብለው ጠየቁ ወይዘሮ ብሪቱ።

የዋቅሹማ ካሜራ ተዘግቷል፤ በጥቁሩ ሣጥን ላይ ስሙ ብቻ ይነበባል። አሁን ይናገራል ብላ ጠበቀች። ሥራው የእነሱ ነው ይላል፤ አሶሳ ባይኖር እኔም ዛሬ እዚህ የለሁም ይላል፤ ዋቅሹማ እንዲህ ያለውን ቃል የማይነፍግ ሰው ነው።

"የምለው የለኝም" አለ ዋቅሹማ። ድምፁ ጎርነን ብሏል። "አመሰግናለሁ።"

ሀዲል ጆሮዋን አላመነችም። አሁንም ይመለስበታል ብላ ስትጠብቅ ስብሰባው አለቀና ፊቶቹ አንድ በአንድ ጠፉ። ከመዘጋቱ ዜና ይልቅ ያቺ "የምለው የለኝም" አናቷን መታቻት።

"ያልጠረጠረ ተመነጠረ" አለ ገመቺስ። ገመቺስ የባምባሲ ልጅ ነው፤ ክረምቱን ሙሉ ከነቀምቴዎቹ ጋር በኦሮምኛ ሲቀልድ የከረመው እሱ ስለሆነ ከሁሉም ይበልጥ የተቃጠለው እሱ ነው። "የኛ ሰው ነው ብዬ በኩራት ስናገር ነበር እኮ። አፈር አስበላኝ።"

"ምናልባት አልሰማ ይሆናል" አለች ነዕማ።

"'የምለው የለኝም' ያለው ሳይሰማ ነው?"

ሀዲል ደወለች። አይነሳም። ደገመች፤ አሁን ደግሞ ከነጭራሹ አይገኝም። ጣሀ ሞከረ፣ ገመቺስ ሞከረ፤ ያው ነው። ስልኩን ዘጋብን አሉ።

ሽመል ስቱዲዮ ማለት፣ ለሚያየው፣ ከመኪና መለዋወጫ ሱቅ በላይ ያለ አንድ ሰፊ ክፍል ነው። ለሀዲል ግን እንዲያ አይደለም። ክፍሉን ለመሙላት በየቤቱ ዞራ ቤተሰብ ለምናለች። "ጌም ሥራ ነው እንዴ?" ያላት አባት፣ "ልጄን አዲስ አበባ ልትወስጂብኝ ነው" ብላ ያለቀሰች እናት፣ ብዙ ነበሩ። ነዕማ የመምህርነት ቅጥሯን ጥላ የመጣችው የሀዲልን ቃል አምና ነው። "እዚሁ አሶሳ፣ እናንተው ጋ እያደረች፣ ዓለም የሚያየው ሥራ ትሠራለች" ብላ ለነዕማ እናት የማለችው ራሷ ሀዲል ናት። አሁን ያንን ደጅ ሁሉ መልሳ ልታንኳኳ ነው። ይህን ስታስብ አፈረችም፣ ተናደደችም።

ከሰዓት በኋላ ወደ አባቷ ዘንድ ሆሞሻ ለመሄድ ሚኒባስ ያዘች። ገመቺስም ብቻሽን አትሄጂም ብሎ ተከተላት። አባቷ ባቢከር ከደጃቸው ላይ የቀርከሃ አጥር እየጠገኑ አገኟቸው። የከርከዴ ሻይ ቀረበ። አባትና ልጅ ሲገናኙ የሚያወሩት በበርታ ቋንቋ ነው፤ እንግዳ ስላለ ግን አማርኛ አደረጉት። ባቢከር በአማርኛ ሲያወሩ ወንድና ሴት አይለዩም፤ ልጃቸውን "አንተ" ይሏታል፤ ሌላ ቀን ቢሆን ገመቺስ ሳቁን ለመደበቅ ብርጭቆ ውስጥ ይገባ ነበር። ዛሬ ሳቅ የለም።

ሀዲል ሁሉን ነገረቻቸው። ነገ ጠዋት ለወይዘሮ ብሪቱ ደውላ እውነቱን እንደምትናገርም ጨመረች።

"አንተ ሀዲል፣ ስማ" አሉ ባቢከር፣ ልጥ እያጠበቁ። "ነፊር ሄድክ፣ ሠራህ፣ አለቀ። እኔ ሠራ፣ እኔ አረመ ብሎ ሰው ፊት ማውራት፣ ይሄ ነፊር አይደለም። ይሄ የቀን ሥራ ነው።"

"አባ፣ እኔ እኮ ውለታ ክፈሉኝ አላልኩም። ቤታችንን ሊዘጉት ነው። እነ ነዕማ ሜዳ ላይ ሊቀሩ ነው።"

"ሰውየው ጠየቅህ?"

"ስልክ አያነሳም።"

"ስልክ አያነሳም ሰው፣ ታመመ ይሆናል። መንገድ ላይ ይሆናል። ሰው ብዙ ነገር አለው። ወላሂ፣ መጀመሪያ ፊቱን እይ፣ ከዚያ ተናገር።"

"ፊቱንማ ደበቀው፣ አባባ" አለ ገመቺስ። "እኛ እያየነው ነው የደበቀው።"

"ሰው አጥፍቶ ፊት ይደብቃል። ሰው አዝኖ ፊት ይደብቃል። አንተ የትኛው ነው፣ በምን አወቀ?"

ገመቺስ ከርከዴውን አነሳ። ሀዲል ግን መልስ ነበራት፤ ነገር ግን ለአባቷ የሚባል ስላልነበረ ዋጠችው። አባቷ ሲናገሩ ሁልጊዜ ልክ መምሰላቸው ያናድዳታል። እሳቸው የሚያውቁት ነፊር የማሽላ ማሳና የለውዝ ማሳ ነው፤ አዲስ አበባ የተቀመጠ ማሽን እንጀራቸውን ሲነጥቃቸው አላዩም። ለልጆቼ ካልተናገርኩ ለማን ልናገር ነው አለች በልቧ። በሚኒባሱ ሲመለሱም ገመቺስ "እውነት መናገር ምን ጊዜ ነው ነውር የሆነው?" እያለ ልቧን አጸናላት።

ዓርብ ጠዋት ቢሮ ሲገቡ ሁሉም ሥራ ትተው ከበቧት። ሀዲል ደወለች።

"ሀሎ፣ ሀዲል" አሉ ወይዘሮ ብሪቱ። "ድምፅ ማጉያ ላይ ነሽ። የሸሪኮቹ ተወካይ አብሮኝ አለ፤ አማርኛ ይሰማል። እኔን ብቻ የፈለግሽኝ ከሆነ ከሰዓት ልደውልልሽ?"

እዚህ ላይ ነበር ቆም ማለት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው ለእንዲህ ያለው ሰዓት ነው፤ ሀዲል ግን ጭራሽ ደስ አላት። ሸሪኮቹ ናቸው ስቱዲዮ ይቀነስ ያሉት፤ እንግዲያው ከእሷ አፍ ይስሙት።

"እሱም ይስማ" አለች።

ከዚያ ተናገረች። ነቀምቴ ኢንተርኔት እንዳልነበረ፣ ዋቅሹማ እንደደወለ፣ የገበያው ሰዎች አንድ ሳይቀሩ በነዕማ እጅ እንደተሠሩ፣ አረማመዳቸው የጣሀ እንደሆነ፣ ጫካው ወደኋላ የቀረው ለዚሁ እንደሆነ፣ አንድም ሳታስቀር ዘረገፈችው። "የነቀምቴ መስመር የምትሉት የእኛ መስመር ነው" አለች በመጨረሻ። ጣሀ ሳያውቀው አጨበጨበና ነዕማ እጁን ያዘችው።

ቀጥሎ የሰማችው የማታውቀውን የወንድ ድምፅ ነው። በጣም የተረጋጋና ጨዋ ነበር።

"የነቀምቴን ፓስወርድ የሰጠሽ ኃላፊው ራሱ ነው?"

"ራሱ ነው። በስልክ ነገረኝ።"

"ክረምቱን በሙሉ በዚያ ስትገቡ ነበር?"

"ክረምቱን በሙሉ" አለች ሀዲል፣ እንደ መሐላ አስረግጣ።

"አመሰግናለሁ። ግልጽ ነው።"

ወንበር ሲንቀሳቀስና በር ሲዘጋ ተሰማ። ወይዘሮ ብሪቱ ስልኩን ከማጉያው አንስተው ወደ ጆሯቸው አስጠጉት፤ ሲተነፍሱ ይሰማል።

"ሀዲል፣ ውሉን አንብበሽ ነው የፈረምሽው?"

ውሉ መዓት ገጽ እንግሊዝኛ ነበር። የፈረሙ ዕለት ኬክ ተቆርጦ ነበር፤ ከኬኩና ከውሉ የትኛውን በደንብ እንዳየችው ሀዲል ታውቃለች።

"ፓስወርዱን ለሌላ አሳልፎ የሰጠ ስቱዲዮ፣ በሌላው ፓስወርድ የገባም ስቱዲዮ፣ በታወቀበት ቀን ይዘጋል ይላል" አሉ ወይዘሮ ብሪቱ። "የመሰናበቻ ክፍያም የለውም። እሱ አሁን ሊያስዘጋ ወጣ። እናንተንም፣ ነቀምቴንም።"

"እኛ እኮ ረዳናቸው እንጂ አልሰረቅናቸውም።"

"አውቃለሁ፣ ልጄ። እኔም የወለጋ ልጅ ነኝ፤ ደቦ ምን እንደሆነ አትነግሪኝም። ለእኔ ብቻ ነግረሽኝ ቢሆን…" አሉና ተዉት። "ምነው ብቻዬን በጠየቅሽኝ።"

ስልኩ ሳይዘጋ የጣሀ ስክሪን ጠቆረ። ቀጥሎ የነዕማ። ነዕማ የአንድ ሰጎን ክንፍ ጀምራ ነበር፤ እጇ መዳፊቱ ላይ እንዳለ ሰጎኑ ከፊቷ ጠፋ። የገመቺስ ኮምፒዩተር ፓስወርድ አስገባ አለው፤ አስገባ፤ አይታወቅም አለው። ሦስቴ አራቴ ሞከረና እጁን ጭኑ ላይ ጣለ።

ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ አይመለስም። ሀዲል የሰማችውን ለልጆቿ ስትነግራቸው የራሷ ድምፅ የሌላ ሰው መሰላት። ማንም አልጮኸባትም፤ የተሰማት ድንጋጤ ግን ከትናንቱ ጋር የሚወዳደር አልነበረም። ትናንት የሆነው ሌሎች ያደረጉት ነው። ዛሬ የሆነውን ያደረገችው እሷ ናት። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢለው በራሷ አሳጠረች ይባላል፤ ሀዲል ግን የማታውቃቸውን የነቀምቴ ልጆች ገመድም አብራ ነው ያሳጠረችው።

"ዋቅሹማ የእጁን ነው ያገኘው" አለ ገመቺስ፤ ነገር ግን ልቡ አልነበረበትም። ማንም አልተቀበለውም።

ጣሀ ለጁምዓ ሄዶ ተመልሷል፤ ሁሉም ወደ ቤት መሄዱን እየፈራ ተቀምጦ ሳለ፣ ደረጃው ላይ የእግር ኮቴ ተሰማ። በሩ ተከፈተ። የቆመው ዋቅሹማ ነበር። በቪዲዮ ከሚያውቁት ይልቅ ቁመቱ አጠር ይላል። ቦርሳ በትከሻው አንግቷል፤ ጫማውም፣ ሱሪውም፣ ቅንድቡ ሳይቀር አቧራ ነው። ከዚያ አቧራ ውስጥ ጥርሱ ይታያል።

"አካም ጅርቱ?" አለ። "አገራችሁ እንዴት ሩቅ ነው፣ ጃል። ሌሊት መንዲ አድሬ ነው የመጣሁት።"

ማንም ከመቀመጫው አልተነሳም።

"አውቃለሁ፣ ተቀይማችሁኛል" አለ ዋቅሹማ። ቦርሳውን ሳያወርድ፣ በር ላይ እንደቆመ፣ መንገድ ሙሉ ሲያጠናው እንደከረመ ሰው ማውራት ጀመረ። "ትናንት የገባሁት ከመነሃሪያ ሆኜ ነው። ካሜራዬን የዘጋሁት አውቶቡስ ላይ መሆኔን ወይዘሮ ብሪቱ እንዳያዩ ነው፤ ደግሞም ፊቴን ብታዩት ምሥጢሩ ያስታውቅብኝ ነበር። ባለፈው ሳምንት ነው የነገሩኝ፣ አሶሳ ይዘጋል ብለው። ሥራው የእነሱ ነው ልል አፌን ስከፍት ውሉ ትዝ አለኝ። ሄጄ አነበብኩት። እውነቱን ብናገር የሚዘጉት ሁለታችንንም ነው።"

ነዕማ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ዋቅሹማ ስለ ክረምቱ እያሰበች ያለቀሰች መሰለው መሰል ድምፁን ለስለስ አደረገ።

"ስለዚህ ሌላ መንገድ ፈለግሁ። የአሶሳ ሥራ ወደ እኔ ከመጣ ሰው ልቅጠርበት፣ ሰዎቹን እኔ ልምረጥ፣ የትም ከተማ ይቀመጡ ምን ቸገራችሁ አልኳቸው። ተፈቀደልኝ። ዝም ያልኩት ስብሰባው እስኪያልፍ ለማንም እንዳትናገር ስላሉኝ ነው። እንግዲህ መርጫለሁ፣ እናንተን ነው። ከሰኞ ጀምሮ የነቀምቴ ልጆች ናችሁ፤ ከወንበራችሁ የሚነሳ የለም፤ የሚቀየረው በሩ ላይ ያለው ስም ብቻ ነው።"

"ደውለንልህ ነበር" አለች ሀዲል። ድምጿ ከሩቅ የመጣ ይመስላል።

"አይቼዋለሁ። መንገዱ ላይ ኔትወርክ የለም። መንዲ ስደርስ ጥሪሽን አየሁትና ዝም አልኩ፤ ነፊር የወጣልኝን ሰው በስልክ ነው የማመሰግነው? አባቴ ቢሰማ ምን ይለኛል? ሌሊቱን ደግሞ መብራት ስላልነበረ ባትሪዬ ሞተ።" አሁን ገና ቦርሳውን አወረደና ዙሪያውን ቃኘ። በየጠረጴዛው ላይ የጠቆሩትን ስክሪኖች አየ። "እዚህም መብራት ሄዷል እንዴ?"

ከበላያቸው የጣሪያው ማራገቢያ ይዞራል።

ገመቺስ አንገቱን ደፋ። ሀዲል ተነስታ ወደ ዋቅሹማ ሄደች። እንደዚያ ያለ ፍርሃት በሕይወቷ አታውቅም።

"መብራት አለ" አለች። "ተቀመጥ፣ ወንድሜ።"

አልተቀመጠም። እሷም በቆመበት ነገረችው። "እኛ" አላለችም፤ "እኔ ደወልኩ፣ እኔ ተናገርኩ" አለች። የሸሪኮቹ ሰው ምን እንደጠየቃት፣ ምን ብላ እንደመለሰች፣ ከሰዓት ልደውልልሽ ተብላ እምቢ ማለቷን ጭምር ነገረችው። ፊቱ ላይ የነበረው ፈገግታ ወዲያው አልጠፋም፤ ነገሩ ያልገባው ይመስል አፉ ላይ ቆየ።

"የእኛንም?" አለ።

"የእናንተንም። ጠዋት።"

ዋቅሹማ ግድግዳውን ተደግፎ ቀስ ብሎ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። አልተቆጣም። ቢቆጣ፣ ቢሰድባት፣ ሀዲል በወደደች ነበር። ጫማውን አየ፤ ከዚያ ቀና አለ።

"ቻርጀር ያለው ሰው አለ?"

ጣሀ ሰጠው። ስልኩ ተሰክቶ ትንሽ ቆይቶ ነፍስ ዘራ፤ ወዲያው መንዘር ጀመረ። ከነቀምቴ ነው። አንዱ ሲቆም ሌላው ይተካል፤ ጠዋት ቢሮ ገብተው ስክሪኑ የጠቆረባቸው ልጆች ናቸው፤ ክረምቱን ሙሉ በስልክ አፍንጫና ኮፍያ ሲያስረዱ የከረሙት። ዋቅሹማ ስማቸውን እያየ አንዱንም አላነሳም።

"ምን ልበላቸው?" አለ። ሀዲልን ሳይሆን ስልኩን የጠየቀ ይመስል ነበር።

ሀዲል አጠገቡ ወለሉ ላይ ተቀመጠችና እጇን ዘረጋች። "ስጠኝ" አለች። "እኔ ነኝ የምነግራቸው።"

ዋቅሹማ አያት፤ ከዚያ ስልኩን ሰጣት።